ውሃ የከበበው ትምህርት ቤት፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች ልጆች

ቪክቶሪያ ሐይቅ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከአፍሪካ ሐይቆች ትልቁ፣ ጨዋማ ካልሆኑት የዓለም ሐይቆች ደግሞ በስፋት ሁለተኛው ነው። ግማሽ ያህሉ የታንዛኒያ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው የኡጋንዳ ሲሆን ኬንያ የሚደርሳት የሰሜን ምሥራቁ ጥግ ብቻ ነው። ጥቁር ዓባይ ከጣና እንደሚነሣ ሁሉ ነጭ ዓባይ ከዚህ ይነሣል። በሐይቁ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች አሉ። የኡጋንዳው ካላንጋላ አውራጃ የተዘረጋው ሰሴ በሚባሉት 84 ደሴቶች ላይ ነው፤ የቡቩማ አውራጃም ከ50 በሚበልጡ ደሴቶች የተዋቀረ ነው። የታንዛኒያዋ ኡኬሬዌ በአፍሪካ በሐይቅ ውስጥ ካሉ ደሴቶች በስፋት ቀዳሚዋ ናት። በሌላው ጫፍ ኬንያና ኡጋንዳ የሚወዛገቡባት ሚጊንጎ አለች፤ 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነች ቋጥኝ ስትሆን የአጥማጆች ቆርቆሮ ቤቶች ጣሪያ ለጣሪያ ተነካክተው ሞልተዋታል።

ሰዎችን ወደነዚህ ደሴቶች የሚወስዳቸው በዋናነት ዓሣ ነው። ናይል ፐርች፣ ማለትም በጫሞና በዓባያ ሐይቆች የሚጠመደው ትልቁ ዓሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከሌላ ቦታ መጥቶ ቪክቶሪያ ውስጥ ተለቀቀ፤ በ1980ዎቹም በብዛት ተራባ። ሥጋው ወደ አውሮፓ ገበያ መላክ ሲጀምር ከየብስ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ተሻገሩ። ሚስቶች፣ ልጆች፣ ዓሣ ተረካቢዎች፣ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ተከተሏቸው። በዚህ መልክ የተቆረቆረ ሰፈር ከሌላው የገጠር መንደር የሚለየው ሥር የሌለው በመሆኑ ነው። መሬቱ ብዙውን ጊዜ የነዋሪው አይደለም፤ ቤቱ ነቅለው የሚጭኑት እንጨትና ቆርቆሮ ነው፤ ዓሣው ከአንዱ ደሴት ሲሸሽ ሰፈረኛውም ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጆቹ አብረው ይሄዳሉ፤ የተመዘገቡበት ትምህርት ቤት ግን እዚያው ይቀራል።

የሰፈሩን ኑሮ የሚመራው ሌላው ነገር ጨረቃ ነው። ኡጋንዳውያን ሙኬኔ፣ ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ኬንያውያን ኦሜና የሚሏት ጣት የማታክል ብርማ ዓሣ የምትጠመደው በጨለማ ሌሊት ነው። አጥማጆች ማሾ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ውሃው ላይ ያበራሉ፤ ዓሣዋ ወደ ብርሃኑ ስትሰበሰብ ዓይኑ በጣም ጠባብ በሆነ መረብ ይከብቧታል። ጨረቃ ስትሞላ የመብራቱ ጉልበት ስለሚደክም ሥራው ይቀዘቅዛል። ጨለማው ሲመለስ ሌሊቱ የወንዶች፣ ንጋቱ የሴቶችና የልጆች የሥራ ሰዓት ይሆናል። ከጀልባ የወረደው ዓሣ አሸዋና ድንጋይ ላይ መሰጣት፣ መገላበጥ፣ ከወፍ መጠበቅ፣ ደመና ሲያንዣብብ ተሯሩጦ መሰብሰብ አለበት። በኢትዮጵያ ገጠር ስጥ የሚጠብቅ ልጅ ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ዝናብ የመታው ሙኬኔ ግን የሰው ምግብ መሆኑ ይቀርና ለዶሮ መኖ በርካሽ ይሸጣል፤ የቤተሰቡ የሳምንት ገቢ በአንድ ካፊያ ሊጠፋ ይችላል። ጠዋት ክፍል ውስጥ መገኘት የነበረበት ልጅ ዳርቻው ላይ የሚውልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የወላጅ ቸልተኝነት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ቦታ የልጆችን ትምህርትና የልጆችን ደኅንነት ለሁለት መሥሪያ ቤት ከፍሎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ትምህርት ቤት የማይሄድ የደሴት ልጅ ቀኑን የሚያሳልፈው ውሃ ዳር ነው፤ እዚያ ደግሞ ለመስጠም፣ ለመታመም ወይም ያለ ዕድሜው አጥማጅ ለመሆን ቅርብ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅም ብዙ ጊዜ ያንኑ ውሃ መሻገር አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከነዚህ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። አደጋው በልጁ ዕድሜ መልኩን ይቀያይራል። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን የሚሰጥመው እናቱ ዓሣ ስታሰጣ ወይም ልብስ ስታጥብ፣ ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ያለ ድምፅ ነው። የሚሰጥም ልጅ እንደሚታሰበው አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚወጣባት ቅጽበት ለመተንፈስ እንኳ ስለማትበቃው ለጩኸት ጊዜ የለውም። ከፍ ያለው ልጅ አደጋ የሚያገኘው ውሃ ሲቀዳና ሲታጠብ ነው፤ ቧንቧ በሌለበት ደሴት የመጠጡም የማጠቢያውም ምንጭ ሐይቁ ነውና። ዕድሜው ሲጨምር ደግሞ ጀልባ ይመጣል።

የአጥማጆቹ ጀልባ በአብዛኛው ከሳንቃ የተገጠመ ረጅም የእንጨት ጀልባ ነው። በመጋጠሚያው ውሃ ይሰርጋል፤ አብሮ የተሳፈረ ልጅ ካለ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን ጨልፎ ማፍሰስ የእሱ ሥራ ይሆናል። ትልቁ ሥጋት ግን ሌሊት የሚነሣው ወጀብ ነው። ቀን ቀን የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ መሬት ይነፍሳል። ሲመሽ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ግን ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል። ያን ጊዜ ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይርና ከየዳርቻው ተነሥቶ ሐይቁ መሐል ይገናኛል። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳም ኃይለኛ ነጎድጓድ፣ ዝናብና ማዕበል ያስነሣል። ሙኬኔ የሚያጠምዱት ሰዎች ሐይቁ መሐል የሚገኙት በዚሁ ሰዓት ነው።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን የሐይቁን ጠባይ ያውቁታል፤ ችግሩ እውቀቱ አጥማጁ ጋ አለመድረሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ ገንዘብ፣ በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አስተባባሪነት የተጀመረው ሃይዌይ የተባለ ፕሮጀክት ለሐይቁ የተለየ የአየር ትንበያ እንዲዘጋጅና ትንበያው በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮ እንዲነገር መንገድ ከፍቷል። ይህ ለትምህርት ቤትም ትልቅ ነገር ነው። ሬዲዮ ያለው ርእሰ መምህር ልጆቹን የሚያሻግረው ጀልባ ዛሬ እንዳይነሣ ማዘዝ፣ ወይም ማዕበሉ ከመነሣቱ በፊት ልጆቹን አስቀድሞ መሸኘት ይችላል። ሥልጣኑ ለእሱ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ካልተሰጠው ውሳኔው የጀልባው ባለቤት ይሆናል፣ የጀልባው ባለቤት ደግሞ የቀኑ ሒሳብ ያሳስበዋል።

አደጋ ሁሉ ከሰማይ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2018 ከኡኬሬዌ ወደ ጎረቤቷ ኡካራ ደሴት ትሄድ የነበረችው ኤም ቪ ኔሬሬ የተባለች መርከብ መድረሻዋ ላይ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ተገለበጠች። የተሠራችው 100 ያህል ሰው እንድትጭን ነበር፤ ቀኑ የገበያ ቀን በመሆኑ ከአቅሟ እጅግ በላይ ጭና ነበር። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1996፣ ኤም ቪ ቡኮባ ምዋንዛ ከተማ አጠገብ ስትሰጥም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። እነዚህን ዓለም ሰማቸው። ሦስት ተማሪ የጫነች ትንሽ ጀልባ ስትገለበጥ ግን ወሬው ከዚያው ዳርቻ አያልፍም። ሬሳው ሳይገኝ ይቀራል፤ ከተገኘም ፖሊስ ሳይደርስ ይቀበራል። በመዝገብ ያልሰፈረ ሞት ደግሞ በጀት አይመደብለትም።

የሕይወት አድን ጃኬት ብዙዎቹን አደጋዎች ከሞት ሊመልስ ይችላል፤ ሆኖም የአዋቂ ጃኬት ያጠለቀ ሕፃን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጃኬቱ ከሰውነቱ ከሰፋ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥር ሾልኮ ይወርዳል። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በክብደቱ ነው፤ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ቢኖረው ይመረጣል። ልኩ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው፦ ልጁ ለብሶ ማሰሪያው ከተጠበቀ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጃኬቱ ወደ አገጩና ጆሮው የሚወጣ ከሆነ ሰፍቶታል። ስፖንጁ ያለቀ፣ ለመቀመጫ ሲያገለግል የኖረ ጃኬትም ስሙን ብቻ የያዘ ነው። ለደሴት ትምህርት ቤት ስጦታ ለመላክ ያሰበ ሰው 30 የትምህርት ቤት ቦርሳ ከሚገዛ በልጆቹ ልክ የተሠሩ 30 ጃኬቶች ቢገዛ እጅግ ይጠቅማል። ቦርሳው በሰላም የሚደርሰው ልጁ ሲደርስ ነው።

ጃኬት በሌለበትም ብዙ ማድረግ ይቻላል። የሚሰጥም ሰው ሲያዩ ዘሎ መግባት አዳኙንም ይዞ ይሄዳል፤ ዋና የሚያውቁ ወንድማማቾች አንዱ ሌላውን ለማዳን ሲሉ አብረው የሞቱበት ታሪክ በየሐይቁ ዳር አለ። ረጅም እንጨት ወይም መቅዘፊያ ማቀበል፣ ገመድ መወርወር፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን መጣል ይሻላል፤ ባዶ ጀሪካን በየትኛውም ሰፈር አይጠፋም፣ አንድን ልጅም በደንብ ያንሳፍፋል። ከውሃ የወጣውን ልጅ ቁልቁል ማንጠልጠል ወይም ሆዱን መጫን በብዙ አገር የሚደረግ ጎጂ ልማድ ነው። የማይተነፍስ ልጅ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አየር ነው፤ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ 5 ጊዜ እስትንፋስ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱን መጫንና እስትንፋስ መስጠትን እያፈራረቁ እርዳታ እስኪመጣ መቀጠል ያስፈልጋል። ይህን የከፍተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ሊማረው ይችላል።

ውሃው ቀስ ብሎም ይጎዳል። በኡጋንዳ ሙኮኖ አውራጃ በኮሜ ደሴቶች የተደረገ ጥናት ከነዋሪው ግማሽ የሚበልጠው የአንጀት ቢልሃርዚያ እንዳለበት አሳይቷል። የትሉ እንቁላል ከሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ በሚታጠበው ወይም ውሃ በሚቀዳው ልጅ ቆዳ በኩል ይገባል። ልጁ ወዲያው አይተኛም፤ ደሙ ያንሳል፣ ዕድገቱ ይዘገያል፣ ክፍል ውስጥ ይደክመዋል። ቆይቶ ጉበቱ ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ወደዚያው ውሃ እስከተመለሰ ድረስ ግን እንደገና ይያዛል። በድንጋያማ ደሴት፣ ነገ ተነሥቶ በሚሄድ ሰፈር፣ መጸዳጃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤትና የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ትምህርት ቤት ለልጁ ከፊደል በፊት ጤና ይሰጠዋል።

ኡጋንዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል ቢሆንም የደሴት አሰፋፈር አይመቸውም። መንግሥት ትምህርት ቤት የሚከፍተው በቂ ልጅ ባለበት ቦታ ነው፤ በብዙ ደሴቶች ላይ የተበተነ ሕዝብ ግን በእያንዳንዱ ደሴት የሚያስቆጥረው ጥቂት ነው። ክፍተቱን ወላጆች አዋጥተው የሚያሠሯቸው፣ አብያተ ክርስቲያናትና ግለሰቦች የሚከፍቷቸው ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ይሞሉታል። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያስተምራሉ። ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ልጅ ወይ በየቀኑ ይሻገራል፣ ወይ አዳሪ ይገባል፣ ወይ ያቆማል።

የሁሉም መፍቻ ቁልፍ መምህሩ ነው። ወደ ደሴት የተመደበ መምህር ደመወዙን ለማውጣት፣ ለመታከም፣ ቤተሰቡን ለመጠየቅ ለጀልባ ይከፍላል፤ ኪራይ ቤት ቢያገኝ ከአጥማጆቹ መጠጥ ቤት ጎን ነው። የኡጋንዳ መንግሥት አስቸጋሪ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ለሚሠሩ ሠራተኞች ከደመወዛቸው 30 በመቶ አበል እንዲከፈል ወስኗል። አበሉ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብቻውን አይበቃም። ዓርብ በጊዜ ወጥቶ ማክሰኞ የሚመለስ መምህር ገንዘብ አንሶት ብቻ አይደለም፣ የሚያድርበት ስላጣም ነው። በደሴት ላይ አዲስ ክፍል ከመሥራት በፊት የመምህር ቤት መሥራት ይቀድማል። ክፍል ቢጠፋ በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ይቻላል፤ መምህር ከሌለ ግን የተሠራው ክፍል ባዶ ግድግዳ ነው። ረጂዎች ግን ፎቶ የሚያምርላቸው ክፍሉ ስለሆነ ክፍሉን ይመርጣሉ።

አዳሪ ትምህርት ቤት የየቀኑን መሻገር ያስቀራል፤ አባት ሰፈር በቀየረ ቁጥር ልጁ ከትምህርቱ እንዳይነቀልም ይረዳል። ነገር ግን ማደሪያው ራሱ የአደጋ ቦታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኬንያ ንዬሪ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በተነሣ እሳት 21 ልጆች ሞተዋል። መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ አልጋው የተጣበበ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ማደሪያ ልጅ ሊያድርበት አይገባም። ሌሊት አብራቸው የምታድር ሴት ኃላፊ፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት በሮች፣ ልጆች ጥቃት ሲደርስባቸው ከርእሰ መምህሩ ውጭ የሚናገሩት ሰው መኖሩ የግድ ነው። ደሴት ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ እርዳታ ከየብስ የሚመጣው በሰዓታት ነውና።

ለልጃገረዶች ሥጋቱ ሌላም ገጽ አለው። ዓሣ የሚገዙ ሴቶች ዓሣውን ለማግኘት ከአጥማጁ ጋር እንዲተኙ የሚገደዱበት፣ በኬንያ ጃቦያ የሚባል ልማድ በሐይቁ ዙሪያ የታወቀ ነው። በኡጋንዳ ራካይ አካባቢ በአጥማጆች ሰፈር የተደረገ ጥናት ከአዋቂዎቹ 40 በመቶ ገደማ ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል፤ ይህ ከአገሪቱ አማካይ ብዙ እጥፍ ነው። ውጤቱ ወላጅ ያጡ፣ በአያት ወይም በታላቅ እኅት የሚያድጉ ብዙ ልጆች ናቸው። እናቷን የቀበረች የ13 ዓመት ልጅ ታናናሾቿን ለመመገብ ያላት አማራጭ ዳርቻው ላይ የሚጠብቃት ያው የዓሣ ንግድ ነው። ለእሷ የትምህርት ቤት ምሳ፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያና የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት እንደ ተጨማሪ ነገር መታየት የለባቸውም፤ ትምህርቷን የሚያስቀጥሏት እነሱ ናቸው።

ወንዶቹን የሚጠራቸው ጀልባው ነው። የ14 ዓመት ልጅ አንድ ሌሊት አጥምዶ የሚያገኘው ገንዘብ ኪሱ ይገባል፤ ትምህርት የሚሰጠው ተስፋ ግን ሩቅ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ስለ ዓሣ ማጥመድ ሥራ የሚደነግግ ስምምነት ዝቅተኛውን ዕድሜ በመሠረቱ 16 ዓመት ያደርጋል፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የሌሊት ሥራን ይከለክላል። ስለ አስከፊ የልጆች ሥራ የሚናገረው የእ.ኤ.አ. 1999 ስምምነት ቁጥር 182 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በድርጅቱ አባል አገሮች ሁሉ ጸድቋል፤ መጨረሻ ያጸደቀችው የደሴት አገሯ ቶንጋ ነበረች። ወረቀቱ ባልደረሰበት ውሃ ላይ ምን እንደሚሆን የጋናው ቮልታ ሐይቅ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጠናቀቀው የአኮሶምቦ ግድብ ደን የነበረን ሸለቆ በውሃ ሸፈነው፤ የዛፎቹ ግንዶች እስከ ዛሬ በሐይቁ ውስጥ ቆመዋል። መረብ ግንድ ላይ ሲጠላለፍ ጠልቆ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከሩቅ መንደር በገንዘብ የተወሰደ ልጅ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ንግድን የሚከለክል ሕግ ብታወጣም ድርጊቱ አልጠፋም።

የደሴት ልጅ ከትምህርት ሲርቅ ምን ያህል ቶሎ ወደ ውሃው እንደሚወሰድ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ታይቷል። ኡጋንዳ ትምህርት ቤቶቿን የዘጋችው እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው፤ ከዓለም ረጅሙ መዘጋት ይህ ነበር። በቴሌቪዥንና በጋዜጣ የሚሰጠው ትምህርት መብራት የሌላቸውን ደሴቶች አልደረሰም። በመላ አገሪቱ ወንዶች ልጆች ገንዘብ ወደሚገኝበት ሥራ ገቡ፣ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ ወይም ተዳሩ፤ ገንዘብ የቀመሰን ልጅ ወደ ወንበሩ መመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ምዝገባ ይከብዳል።

የቤተሰብ ገቢም ከዚህ ሁሉ አይለይም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕገወጥ ዓሣ ማጥመድን ለማስቆም ወታደሮች ሐይቁ ላይ አሰማርታለች። ከተወሰነ ርዝመት ያጠሩ ጀልባዎችና የተከለከሉ መረቦች ተወረሱ፣ ተቃጠሉም። የዓሣው ሀብት ካልተጠበቀ ነገ የሚያጠምደው እንደማይኖር ግልጽ ነው። ጀልባው ለተቃጠለበት ቤተሰብ ልጆች ግን የትምህርት ወጪያቸው አብሮ ነዷል። ሕግ የሚያስከብር መንግሥት በሌላ እጁ የእነዚህን ልጆች ትምህርት መያዝ ነበረበት። በሌላ በኩል ትንሽ የመሰለ ለውጥ ብዙ ሊያግዝ ይችላል። ሙኬኔ አሸዋ ላይ ከሚሰጣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የመረብ ቆጥ ላይ ቢሰጣ ከሥርም ከላይም አየር ያገኘዋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አሸዋ የሌለበት በመሆኑ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። መገላበጡና ጥበቃውም ይቀንሳል፤ ልጁም ደብተሩን ይዞ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ትንንሾቹን ከውሃ ለማራቅ ከተሞከሩት መንገዶች ውጤቱ በተሻለ የተመዘነው የባንግላዴሽ ነው። በዚያ አገር ገጠር አንቻል የሚባሉ የሕፃናት ማቆያዎች ተከፈቱ። አንዲት የሠለጠነች የመንደሩ ሴት ከረዳት ጋር 25 ያህል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ትይዛለች፤ ሰዓቱ የተመረጠው እናቶች በሥራ የሚወጠሩበትና ብዙ ሕፃናት የሚሰጥሙበት ስለሆነ ነው። ጥናቱ በማቆያው በዋሉት ልጆች ላይ የመስጠም ሞት ከ80 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳየ። ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ በመንደሩ ኩሬ ውስጥ በቀርከሃ በታጠረ ቦታ 25 ሜትር መዋኘት፣ 30 ሰከንድ መንሳፈፍና ከዳር ሆኖ ሌላውን ማዳን ይማራሉ። መንግሥቱም ሥራውን የራሱ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 በ16 አውራጃዎች 8,000 ማቆያዎች የሚከፍት ፕሮጀክት አጽድቋል። ለቪክቶሪያ ደሴቶች ይህ እጅግ የሚስማማ ነው፤ አንድ ጥላ፣ አጥር፣ ምንጣፍና ደመወዝ የምታገኝ አንዲት ሴት ይበቁታል። በአጥሩ ውስጥ የዋለ ሕፃን ዘፈን፣ ቁጥርና ፊደል ተምሮ ስለሚወጣ ለአንደኛ ክፍልም ይዘጋጃል። ታላቅ እኅቱም ሕፃን ጠባቂ ሆና ከመቅረት ትድናለች።

ልጁ ወደ ትምህርት ቤት መድረስ ሲያቅተው ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ የሄደበት ምሳሌም አለ። በዚያው በባንግላዴሽ አርክቴክቱ መሐመድ ሬዝዋን ያቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጀልባ ላይ የተሠሩ ክፍሎችን ያንቀሳቅሳል። ጀልባው ልጆቹን ከየደጃቸው ይሰበስባል፣ መልሕቁን ጥሎ ያስተምራል፣ መልሶ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። በፊሊፒንስ ዛምቦአንጋ ደግሞ ልጆች እየዋኙ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሰማ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ቢጫ ጀልባ ሰጧቸው፤ ሥራው ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተስፋፋ። ጀልባ መስጠት ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ሞተሩን ማን ይጠግናል፣ ነዳጅ ማን ይገዛል፣ ቀዛፊው ማን ነው የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ካልተወሰነ ጀልባው ብዙም ሳይቆይ ዳርቻ ላይ ይበሰብሳል።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጣና ላይ ደቅን በመሰሉ ደሴቶች ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እስከ ዛሬ ያጠምዳል፣ ያጓጉዛልም። በዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶን ጨምሮ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከዛይ ሕዝብ አብዛኛው ዛሬ የሚኖረው በሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮችና ከተሞች ቢሆንም፣ በደሴቶቹ የቀሩት ቤተሰቦች ወደ ገበያም ወደ ሐኪምም የሚሄዱት በጀልባ ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በጫሞ፣ በሐዋሳ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ዋናና የውሃ ላይ ጥንቃቄን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ቢጀምሩ አዲስ ሕንፃ አይጠይቃቸውም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም በጀት ሲያወጡ የደሴት መምህር ቤትንና የልጆች ጃኬትን ከመማሪያ መጽሐፍ እኩል ቢያስቀምጡ ተገቢ ነው። ልጁን ይዞ ጀልባ የሚሳፈር ወላጅ ደግሞ ዛሬውኑ የሚያደርገው አለ፤ ለልጁ ልክ የሆነ ጃኬት ከሌለ፣ ወይም ጀልባው ከልኩ በላይ ከጫነ፣ አይሳፈር፤ የሚቀጥለውን ይጠብቅ።